«ጣፋጭ» ማለት ክልክል ነው

ፉሳኮ ኢሶቤ በሳካይሚናቶ ከተማ ታክሲ መንዳት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ደንበኞቿ አብረዋት አረጁ። ጠዋት ወደ ሐኪም ቤት ታደርሳቸዋለች፣ ከሰዓት በኋላ ትመልሳቸዋለች፤ እነሱም አንድ በአንድ ወይ ልጆቻቸው ዘንድ ሄዱ ወይ አረፉ። ባለፈው የካቲት ኩባንያው ሾፌሮቹን ሰብስቦ ቁርጡን ነገራቸው። ከእንግዲህ ሥራ ያለው ወደቡ ላይ፣ ከትልልቆቹ የመንገደኛ መርከቦች በሚወርዱት የውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ነው። እነሱን የሚጭነው በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ያለፈ ብቻ ነው፤ ሁለቴ የወደቀ ውሉ አይታደስለትም፣ መኪናውንም ያስረክባል።

ፉሳኮ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባል የላትም፣ ሌላ ሙያም አልተማረችም። እስከ ሰባ ዓመቷ መሪ እንደማትለቅ ግን ለራሷ ከማለች ቆይታለች። የመጀመሪያውን ፈተና በሚያዝያ ወሰደችና ወደቀች።

አወዳደቋን በዝርዝር መናገር ይገባል፤ ትምህርቱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። ፈታኙ እንደ መንገደኛ ከኋላ ተቀምጦ ምን መብላት እንደምትወድ ጠየቃት። ደስ አላት፤ ይህን ታውቀዋለች። በየሱቁ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚሸጥ፣ ሆዱ በክሬም የተሞላ ድቡልቡል ኬክ አለ፤ ጃፓኖች «ሹ ክሪም» ይሉታል። ስሙ የባዕድ ቃል በሚጻፍበት ፊደል ስለሚጻፍ እንግሊዝኛ መሆኑን ተጠራጥራ አታውቅም። በየቀኑ ሹ ክሪም እንደምትበላ ነገረችው። እንግሊዝኛ ለሚሰማ ጆሮ ግን ይህ የጫማ ቅባት ነው። ሰውየው የምሯን እንደምትበላው ጠየቃት። «የስ፣ የስ» አለች። ሆድሽን አያምሽም ወይ? «የስ፣ የስ።» ሐኪም ያውቃል? «የስ፣ የስ።»

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት አለ፤ ሁለቱም እጅግ ደስ የሚሉ ናቸው። «ሹ» እንግሊዝኛ ሳይሆን ፈረንሳይኛ ነው፤ ጥቅል ጎመን ማለት ነው፣ ኬኩ ጎመን ስለሚመስል። ሁለተኛው ይብሳል። ጃፓናዊ ሰው ሲያናግረው «አዎ፣ አዎ» የሚለው «እየሰማሁህ ነው» ለማለት ነው፤ መስማማቱ አይደለም። ፉሳኮ በትሕትና ስታዳምጥ ፈታኙ የጫማ ቅባት የምትበላ ሴት እንዳገኘ አምኖ ወረደ።

በወደቡ መንገድ ጥግ ላይ ሌት ተቀን የማይዘጋ ሱቅ አለ። ጠዋት ጠዋት ሒሳብ የሚቀበለው ሙካይ የሚባል ሽማግሌ ነው። ሙካይ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር፤ እንግሊዝኛውን የተማረው ከፊሊፒንና ከሕንድ መርከበኞች ጋር ሽንኩርት እየላጠ ነው። ፉሳኮ የደረሰባትን ስትነግረው ባንኮኒውን ይዞ ሳቀ።

«ጥቁሩን ነው ቡናማውን?»

«ቡናማውን። ከጫማዬ ጋር እንዲሄድልኝ።»

ከዚያ ሳቁን አቁሞ ተራው ሲያልቅ፣ ቀትር ላይ እንድትመጣ ነገራት። ሕጉ እንዲህ ነበር፦ አንድ ምግብ ትገዛለች። መኪናዋ ውስጥ ሽታ ስለማይፈቀድ ከሱቁ ውጭ፣ ግድግዳው ሥር ቆማ አንዴ ትጎርሳለች። አፏ ውስጥ ያለው ምን እንደሚመስል ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ሳትናገር ሁለተኛ ጉርሻ የለም። «ዴሊሸስ»፣ ማለትም ጣፋጭ፣ ክልክል ነው።

«አለቃ፣ ከጣፈጠኝስ?»

«ለእናትሽ ንገሪያት። ጣፋጭ ማለት ወሬ መዝጊያ ነው። ሰውየው ሊገዛው ነው፤ ይለስልስ፣ ይቆርጠም፣ ይጎምዝዝ፣ በምን ይወቅ?»

መጀመሪያ መደርደሪያውን እየዞሩ ቃላቱን ለዩ፤ የትኛው የእውነት እንግሊዝኛ ነው፣ የትኛው የእንግሊዝኛ ልብስ የለበሰ ጃፓናዊ ነው? በሊጥ ተሸፍኖ የተጠበሰው ባለ እንጨት ቋሊማ እዚህ አገር «አሜሪካዊ ውሻ» ይባላል። ሙካይ ይህን ለአሜሪካዊ እንዳትጋብዢ፣ ቤቱ የተወውን ውሻ ነው የሚያስበው አላት። ፉሳኮ አንዱን ነከሰች፤ ስዊት፣ ኦይሊ፣ ሶፍት አለች። ጣፋጭነት፣ ቅባት፣ ልስላሴ። ሁለተኛው ጉርሻ ተፈቀደ።

ከሁሉ የከበዳት «ክሪስፒ» እና «ክራንቺ» ነበሩ። የጃፓን ሰው ለጥርስ ድምፅ የማያልቅ ቃል አለው፤ እኛም ኩርሽም፣ ቀጭ፣ ስብር እንላለን። እንግሊዝኛው ግን ጥቂት ቃል ነው ያለው፣ እሱንም በቦታው ካላስቀመጡት ያሳስታል። ሙካይ የተጠበሰ ዶሮና የሩዝ ብስኩት አስገዛትና እያፈራረቁ በማኘክ አወዳደሯቸው። ስስ ሆኖ ስብር የሚለው የዶሮው ቆዳ ክሪስፒ ነው። እንደ ቆሎ የሚቆረጠመው ብስኩት ክራንቺ ነው።

«ክሪስፒን አንቺ ብቻ ትሰሚዋለሽ፣ ክራንቺን ጎረቤትሽም ይሰማዋል» አላት።

ሐማዳ የሚባል ባልደረባዋ ለምሳ ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ስታኝክ፣ ከንፈሯም ሲንቀሳቀስ አገኛት። ስልክ ይተረጉምልሽ የለም ወይ ብሎ ተከራከራት፤ እሷም መሪ ይዞ ስልክ መንካት እንደሚያስቀጣ አስታወሰችው።

«ታዲያ ፈተናው የመብላት ነው እንዴ?»

«ቢሆን እሱንም ትወድቅ ነበር» ብላ ማኘኳን ቀጠለች።

ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ቆዩ። ሲለጠጥ የሚውለውን የሩዝ ኬክ፣ ፈልቶ የሚዝለገለገውን አኩሪ አተር፣ የሚጎመዝዘውን ፕለም አንድ በአንድ ቃል አወጣችላቸው። አንድ ቀን ሙካይ በቆሎና ማዮኔዝ ያለበት ዳቦ ሰጣት። ጎረሰች። «ኢንተረስቲንግ» አለች።

«ፊትሽ እንደዚያ አይልም። አልወደድኩትም በይ።»

አልቻለችም። በሰው ሱቅ ግድግዳ ሥር ቆሞ የሰው ምግብ አልወደድኩም ማለት ነውር ነው። በማግሥቱም ያንኑ ዳቦ ገዛላት፣ በሦስተኛውም ቀን። በሦስተኛው ቀን የሱቁ ሥራ አስኪያጅ እንዳይሰማ ወደ በሩ ዘወር ብላ አይታ፣ በቀስታ «ቱ ስዊት። አይ ዶንት ላይክ» አለች። ሙካይ ዳቦውን ከእጇ ወስዶ ራሱ ጨረሰው።

ሁለተኛው ፈተና በጥቅምት ሆነ። ይህንንም ከወደቀች መኪናው የለም። ፈታኟ ሌላ ናት፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ለመርከብ እንግዶች ጉብኝት የምታዘጋጅ ሴት። አንድ ጉንጯ አብጧል። አፏን በጣቷ እያሳየች ጠዋት ጥርስ እንደተነቀለች፣ ከትናንት ጀምሮም እንዳልበላች ተናገረች። ከዚያ አንድ የምትበላው ነገር ፈለገች፤ «ሆት» የሆነ ግን አልፈልግም አለች።

ፉሳኮ «የስ» ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰባት። ዋጠችው። በጃፓንኛ፣ ልክ እንደኛው፣ ትኩስ ሌላ ነው፣ የሚያቃጥል ሌላ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለቱንም አንድ ቃል ውስጥ ጨምሯቸዋል። ሴትየዋ የቱን ነው የከለከለችው? ፉሳኮ መኪናውን ዳር አስይዛ የማስጠንቀቂያውን መብራት አበራችና ዞረች።

«ሆት… ፋየር? ኦር ሆት… ፔፐር?»

ሴትየዋ እሳቱንም በርበሬውንም እንደማትችል መለሰች።

ከዚያ በኋላ ፉሳኮ አልቆመችም። ሰዋስውዋ ይንገዳገዳል፣ ቃላቱ ግን ቦታቸውን ያውቃሉ። ሱቅ አስገብታ መደርደሪያውን እያሳየች ይህ ክራንቺ ነው፣ ለጥርስ መጥፎ ነው፤ ያኛው ይለጠጣል፣ ቁስሉን ይጎትታል አለች። ከማቀዝቀዣው በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ያለ፣ በዓሣ መረቅ የተመታ የእንቁላል ገንፎ አወጣች። ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ፣ ጨው ያለው፣ ማኘክ የለም።

ሴትየዋ አንቺስ ትወጂዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ኖ» አለች ፉሳኮ። «ፊሽ ስሜል። በት ዩር ቱዝ፣ ሃፒ።» ዓሣ ይሸታል፣ ጥርስሽ ግን ደስ ይለዋል ማለቷ ነበር።

ሴትየዋ እጇን በጉንጯ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ መሳቁም አመማት። መኪናው አጠገብ ቆማ በማንኪያ ቀስ እያለች ጨረሰችው። ከዚያ ቅዳሜ መርከብ እንደሚገባና ፉሳኮ ወደቡ ላይ ከታክሲዎቹ ሰልፍ እንድትገኝ በእንግሊዝኛ ነገረቻት። አለፍሽ ማለቷ ነበር። ፉሳኮ ገብቷታል፤ ቢሆንም ራሷን አልነቀነቀችም።

«ዋት ታይም?» አለች።

መርከቡ የሚገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ፣ የታጠበው መኪናዋ በባዶው ወደብ ከሰልፉ ፊት ቆሞ ነበር።