ለውዱእ የተቀመጠ ውሃ

የወሰዱኝ ከክፍል ነው። ጅጅጋ ውስጥ ሳይንስ አስተምር ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ ተመድቤ ከመጣሁ ገና ብዙም አልቆየሁም። ሁለት አብዮት ጥበቃዎች በሩ ላይ ቆመው በእጅ ምልክት ጠሩኝ። ተማሪዎቹን «አንብቡ፤ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ለምን እንደተፈለግሁ አልጠየቅሁም። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ባልደረባዬ ቤት እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። በዚያ ዘመን ጴንጤ መባል ብቻውን ለመታሰር ይበቃል።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ አሁንም ማሽላ ማሽላ ይሸታል። የቆርቆሮ ጣሪያውን ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ጥይት በሳስቶታል፤ በየቀዳዳው የሚገባው ፀሐይ በተኙት ሰዎች ላይ ትንንሽ ክብ ብርሃን ይጥላል። ቦታ የለቀቁልኝ አንድ ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው። ድንበር አጠገብ ካለችው ከአውበሬ ጨርቅ እያመጡ ይነግዱ ነበር፤ የታሰሩት ለሰርጎ ገቦች ወሬ ያቀብላሉ ተብለው ነው። ሁሉም «አዴር» ይላቸዋል፤ በሶማልኛ አጎት እንደማለት ነው። እኔም እንደዚያው እላቸው ጀመር።

አንድ ቀን ጸሎቴን ስጨርስ ትኩር ብለው ሲያዩኝ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ አንተ ስትጸልይ ዓይን ትጨፍናለህ። ውስጡ ምን ታያለህ?»

«ምንም አላይም።»

«ታዲያ ለምን ትጨፍናለህ?»

ለመቀለድ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። «ሐሳቤ እንዳይበተን» አልኳቸው፤ መልሱ ግን ለራሴም አልጣመኝም። እስከዚያ ድረስ እግዚአብሔርን የምጠብቀው በትልልቅ ነገር ነበር፤ በሽተኛ ሲድን፣ የጠፋ ሰው ሲገኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኔን ገልጬ መጸለይ ሞከርኩ። አንዱ እስረኛ ከሽቦ በሠራው መርፌ የሌላውን ሸሚዝ ሲጥፍ አየሁ። ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ስለ ልጁ ትኩሳት አብሮን የታሰረውን ድሬሰር ሲያማክር አየሁ። «ይሄም አንተ ነህ?» እያልኩ እግዚአብሔርን በልቤ እጠይቅ ነበር። መልስ አይመጣም፤ እኔም መጠየቄን አልተውኩም።

የምርመራው ኃላፊ አንድ መቶ አለቃ ነበር። አንድ ጠዋት አስጠርቶ፣ ግራ እጄን አንስቼ ከአብዮቱ በላይ ምንም እንደሌለ ከተናገርኩ ያንኑ ቀን ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ።

«አገሬን እወዳለሁ» አልኩት። «ከአብዮቱ በላይ ምንም የለም ማለት ግን አልችልም።»

«እንግዲያው ያ አምላክህ ውሃ ያጠጣህ» አለና ጠባቂውን ውሃ እንዳይሰጠኝ አዘዘው። ያካፈለኝ ሰው እንደሚገረፍም ለሁሉም ተነገረ።

በቀን አንዴ ከቦቴ የተቀዳ ውሃ ለየሰው በጣሳ ይታደላል። እኔን ዘለሉኝ። በማግስቱም ዘለሉኝ። ምላሴ አብጦ የሌላ ሰው ምላስ መሰለኝ። አዴር ከድርሻቸው ላይ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ትንሽ በዱቄት ወተት ጣሳ ያስቀምጡ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሁሉንም ሲያስተኛ፣ ጣሳውን በሽርጣቸው ሸፍነው ወደ እኔ ገፉት።

«ይሄ የመታጠቢያዎ ነው» አልኳቸው።

«ጠጣ።»

«ሶላትዎስ?»

መዳፋቸውን አቧራማው ግድግዳ ላይ አሳርፈው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ። «ውሃ ሲጠፋ አፈር ይበቃል። አላህ ያውቃል» አሉኝና ፊታቸውን አዙረው መስገድ ጀመሩ።

ጠጣሁ። ዝገት ዝገት ይል ነበር። እየጠጣሁ ጀርባቸውን አያለሁ። ያን ጊዜ «አንተ ነህ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ጠዋት መቶ አለቃው አስጠራኝና ከንፈሬን አየ።

«ማነው ያጠጣህ?»

«እርስዎ እንዳሉት ሆነ።»

«የሰውየውን ስም ነው የጠየቅሁህ።»

«ስሙን አልናገርም።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ።

«እውነት ያጠጣህ አምላክህ ነው ብለህ ነው የምታምነው?» አለኝ። ድምፁ የመርማሪ አልነበረም።

«የሰጠኝ ሰው ነው» አልኩት። «ግን ቢያዝ እንደሚገረፍ ያውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ወገኑም አይደለሁም። ለምን አደረገው ብዬ ሳስብ ሌላ መልስ አጣሁ።»

 ጠባቂውን ጠርቶ «ውሰደው» አለው።

ያን ቀን ውሃ ሲታደል ጠባቂው የእኔንም ጣሳ ሞላው። ታዞ ይሁን፣ አዝኖልኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ጣሳውን ይዤ ወደ አዴር ሄድኩ።

«እጅዎን ይዘርጉ።»

«አንተ መጀመሪያ ጠጣ።»

ግማሹን ጠጣሁ። የቀረውን ቀስ እያልኩ አፈሰስኩላቸው፤ እጃቸውን፣ ፊታቸውን፣ በመጨረሻም እግራቸውን ታጠቡ። ሰዉ ወሬውን አቁሞ ያየን ነበር። ጴንጤ ሰው ለሶላት ሲያስታጥብ አይተው አያውቁም፤ እኔም አስታጥቤ አላውቅም። አዴር ሲጨርሱ በእርጥብ እጃቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሐረር በሚሄድ ካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሳቸው የሰማሁት ነገር የለም። እኔም ዓመቱ ሳያልቅ ተፈታሁ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ድሬዳዋ እኖራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስለ እስሬ እንድመሰክር ስጠየቅ ሰዎች የሚጠብቁት የወህኒው በር በራሱ ተከፈተ እንድላቸው ነው። እኔ ስለ አዴር ውሃ እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። በቅርቡ በዕድሜ የሚበልጡኝ አንዲት እናት ከአምልኮው በኋላ ይዘው አስቆሙኝ።

«ሰውየው እስላም ናቸው አልክ?»

«አዎ፣ እማማ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ታዲያ በእሳቸው እጅ ማጠጣት እግዚአብሔርን ምን ይቸግረዋል» አሉኝ።

ክንዳቸውን ይዤ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ሸኘኋቸው። እስካሁን ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልሰማሁም።