የተቆለፈበት ማሽን

ሴቶች ማደሪያ ሥር ማሽኑ የቆመ ዕለት የግቢው ተማሪ ሁሉ ሊያየው ወጣ። ፊቱ መስታወት የሆነ፣ ትልቅ ፍሪጅ የሚያክል ነገር ነው። ብር ታስገቢያለሽ፣ ቁጥር ትጫኛለሽ፤ ሞዴስ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ የእርግዝና መመርመሪያ ይወርድልሻል። ስሙን ጮክ ብለን የማንጠራው፣ ሦስት ቀን ሳያልፍ የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያም አለው። ዋጋው የፋርማሲውን ግማሽ አይሞላም። እኛን የበለጠ ደስ ያሰኘን ግን ማንንም አለመጠየቃችን ነበር። ጅጅጋ እንደሆነች በየፋርማሲው ወይ ዘመድ ወይ ጎረቤት አይጠፋም።

ሁለት ሳምንት አልቆየም። «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ቢሰበር ማን ሊጠየቅ ነው?» ተባለና አንስተው ንብረት ክፍል አስገቡት፤ ቆለፉበት። ሰው ሳያየን እንድንገዛበት የመጣው ማሽን ሰው ካልለመንን የማይከፈት ሆነ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ክፉ አልነበሩም። የአባቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው፤ በልጅነቴ ከረሜላ ይገዙልኝ ነበር።

አንድ ክፍል የምንጋራ የሽንሌ ልጅ ነበረች፤ ከቤተሰቧ ዩኒቨርሲቲ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት። አንድ ሐሙስ ከሰዓት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ከአንድ አብሮን የሚማር ወንድ ልጅ ጋር የሆነውን ነገረችኝ። ከሦስቱ ቀን የቀራት አንድ ብቻ ነበር።

«አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። «እኔ ብጠይቅ ወሬው ሽንሌ ይደርሳል። አንቺን ያውቁሻል፣ ይከፍቱልሻል። አባቴ ከሰማ ትምህርት የለም፤ አበቃ።»

እሺ ብዬ ሄድኩ። ሰውዬው ስቀው ተቀበሉኝ።

«አባትሽ ደህና ነው? እሁድ ማኅበር እንገናኛለን በይልኝ።»

ከፈቱና ሊረዱኝ አጠገቤ ቆሙ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«የትኛውን ነው ልጄ?»

የተላክኩበት ክኒን ከመስታወቱ ጀርባ ተደርድሯል። ጣቴ ቁጥሩ ላይ ደርሶ ነበር። እሁድ ከአባቴ ጎን ሲቀመጡ ታየኝና የሞዴሱን ቁጥር ተጫንኩ።

ክፍል ስገባ ከአልጋዋ ብድግ አለች።

«አልቋል» አልኳት።

«ወላሂ?»

«እውነቴን ነው፤ ባዶ ነው።»

«ምንም አይደል። አንቺ ምን ታደርጊ?» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

«አለ፣ ግን አፈርኩ» ብላት ኖሮ ሌላ ሰው ትልክ ነበር። ጊዜ ነበራት። ፈሪነቴን ልሸፍን ብዬ ያችን አንድ ቀን ቀማኋት።

በሁለተኛው መንፈቅ ልብሷ ጠበባት። አባቷ መጡ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም፤ ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጭነው ወሰዷት። ያስረገዛት ልጅ ከእኛ ጋር ተመረቀ፤ ጋውን ለብሶ ፎቶ ሲነሳ አይቼዋለሁ። እኔም ለብሼ ተነስቻለሁ።

አሁን ሽንሌ ውስጥ ሻይ ትሸጣለች። አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ ከኋላ የልጇ ድምፅ ይሰማኛል። ባለፈው እንዲህ አለችኝ፦

«ያኔ ሁሉም ሲሸሸኝ፣ ለእኔ ብለሽ ሰው ፊት የቆምሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ።»

«አሜን» አልኳት።