ከቢቨሩ ጋር በእኩል ያረስናት መሬት

ያ ነገር እኔን በጠቅላላው ያስወጣኝ አንድ የጎማ ቦት፣ የአንድ ጸደይ ቅዳሜዎች በሙሉና የግራ አውራ ጣቴ ጥፍር ነው፤ ጥፍሩ ተመልሶ በቅሏል፣ ቦቱ ግን እስከ ዛሬ እዚያ ረግረግ ውስጥ አለ። ስቶክሆልም ዳር፣ ሪንከቢ አደባባይ አጠገብ ባለችው ሱቄ፣ በጓሮ በር በኩል ዕቃ የሚመጣባቸው የእንጨት ፓሌቶች ተደርድረው ዝናብ ሲመታቸው አንድ ሽታ ይወጣል፤ ገና የተላጠ ቅርፊትና የቆመ ውሃ አንድ ላይ የሚሸት፣ መራራም ጣፋጭም የሆነ ነገር። ያ ሽታ ሲመጣ፣ ደንበኛ ፊቴ ቆሞ የበርበሬ ዋጋ እየጠየቀኝ እንኳ፣ እኔ አሥር ዓመቴ ሆኖ፣ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ቆሜ፣ አባቴ ከግድቡ ላይ ሆኖ «ሳብ! ሳብ እንጂ፣ ምን ያስቅሃል!» ሲለኝ እሰማለሁ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቤታችን እዚሁ ሪንከቢ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ አገር ቤት ሳለ የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ሲመላለስ የኖረ ሹፌር ነበር፤ ስቶክሆልም ላይ ግን አውቶቡስ አጣቢ ሆኖ፣ ማታ ማታ እጁ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ ይገባ ነበር። እናቴ ትምህርት ቤት ታጸዳ ነበር። ታናሽ እህቴ ሩት በአማርኛ ሲቆጧት በስዊድንኛ ትመልሳለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ናዝሬት ያለችው አክስቴ ጋ ስንደውል፣ መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ንግግሯ ሁሉ አንድ ሆኖ ነበር፤ «ግቢው ሰፊ ነው፣ ጓሮው ጦሙን ያድራል፣ ነይ እንጂ!» እናቴም ስልኩን ዘግታ መዳፏን እያየች፣ «እጄ እኮ ሞተ። እዚህ አገር ከመጥረጊያ ሌላ የጨበጥኩት የለም። ለከርሞ እሄዳለሁ» ትል ነበር። ጠብ አልነበረም፤ ወተት አልቋል እንደሚባለው ዓይነት ነበር የምትለው። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ስስ ስለነበር ዝርዝሩን አውቀው ነበር፤ ሩትን ይዛ ትሄዳለች፣ እኔ ትምህርቴ እንዳይቋረጥ ከአባቴ ጋር እቀራለሁ። በዚያ ዕድሜዬ ስለ ክፍፍል ብዙ አውቅ ነበር አልልም፣ ይኼኛው ግን እንዳልጣመኝ አስታውሳለሁ።

መሬቷ የመጣችው በአንድ ጸደይ፣ በረዶው ሟሽሾ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። ከማኅበረ ምእመኑ አንዲት እህት ከሶደርተልየ ከተማ ወዲያ ባለ ገጠር አዛውንቶችን እየዞረች ትረዳ ነበርና፣ ስቬን የሚባል ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ገበሬ በወንዝ ዳር ያለችውን ቁራጭ መሬት የሚያለማለት ሰው እንደሚፈልግ ለእናቴ ነገረቻት። በባቡር፣ ቀጥሎ በአውቶቡስ፣ ቀጥሎ በእግር ሄደን ደረስን። እናቴ አፈሩን በጫማዋ ተረከዝ ጫን አድርጋ አየችና «ይሄ ጎመን ያበቅላል» አለች፤ አለቀ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። «አቶ ስቬን፣ ኪራዩ ስንት ነው ይላሉ? በለው» አለችኝ፤ እኔም ስዊድኖች ሁሉ እንደሚያደርጉት ሽማግሌውን አንተ ብዬ ስጠይቀው፣ ያቺን ያህል ስዊድንኛ ታውቅ ነበርና ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ስቬን ስቆ፣ በመከር ጊዜ አንድ ባልዲ ድንችና አልፎ አልፎ ደጁ ላይ ተቀምጦ የሚያወራው ሰው ይበቃኛል አለ። ዛሬ በዚህ ዋጋ የሚያከራይ ባገኝ ሱቄን ነገ እነቅል ነበር።

የዚያን ዓመት የስዊድን በጋ እናታችንን እንደ አዲስ አስተዋወቀን። በስልክ ሲያወሯት ድምፅዋ የማይሰማው ሴትዮ፣ ከመሬቷ ማዶ ሆና ስትጠራኝ የስቬን ፈረሶች ቀና ይሉ ነበር። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ በላስቲክ ሸፍና ደግሞ ቃሪያ ተከለች። አባቴ፣ የከተማና የመኪና ሰው፣ ቦታውን «ደብረ ጎመን» ብሎ ሰይሞት፣ ካፈር ርቆ፣ በዚያው ሰሞን የገዛት አሮጌ መኪና ውስጥ ጋዜጣውን ይዞ ይቀመጥ ነበር። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የተረፈውን ጎመን ከመኪናችን ኋላ እየሸጥን፣ የንግድ ትምህርቴን እዚያ ጀመርኩ። «የጌታ ጎመን ነው፣ ጨምሪልኝ እንጂ!» ትላታለች አንዷ እህት። «የጌታስ ነው፣ ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ» ትላለች እናቴ፤ ሆኖም አንድ ቅጠል ጣል ታደርግላት ነበር፣ አንዲት ብቻ። እኔም እስከ ዛሬ የምጨምረው እንደዚያው ነው። በዚያ በጋ «ለከርሞ» የሚለውን ቃል አንድም ቀን ከአፏ አልሰማሁም።

መከር ላይ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ አንድ ቅዳሜ ደርሰን የታችኞቹን መደቦች ውሃ ውጧቸው አገኘናቸው። ዝናብ አልዘነበም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሃው እስከ መሬቷ ወገብ ወጣ፤ በሦስተኛው ነጭ ሽንኩርቱ የነበረበት ቦታ ዳክዬ ይዋኝ ነበር። ስቬን በወንዙ ዳር ይዞን ወርዶ ግድቡን አሳየን። በአማርኛ ስም ያላወጣንለት፣ አይጥ መስሎ ውሻ የሚያክል፣ ጅራቱ እንደ መጥበሻ የተነጠፈ ቢቨር የሚባል እንስሳ፣ ዛፉን በጥርሱ እየጣለ፣ ቅርንጫፉን እየጎነጎነ፣ በጭቃ እየለሰነ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመኪናው ወርዶ፣ ግድቡን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «ሲሚንቶ የት አገኘ?» አለ።

ስቬን ያለውን እኔ ተረጎምኩ፤ የእንስሳውን ቤት መንካት በሕግ ክልክል ነው፤ ግድቡን ግን በጸደይ፣ ግልገል የሚጥልበት ጊዜ ሳይገባ ማፍረስ እንደሚቻል ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ እኔ ጉልበት የለኝም፤ እስከሚቀጥለው በጋ ካልደረቀ ቦታውን ለጫካ እተወዋለሁ።  እናቴ እሑድ ስልኩን ይዛ፣ «ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ እመጣለሁ። አዎ። ከሩት ጋር» ስትል አባቴ ጋዜጣውን አጠፈው። ያነበበው ገጽ አልነበረም፤ ሲያገላብጠው አይቼዋለሁ።

በክረምቱ ግድቡም ኩሬውም በረዶ ሆኖ ከርሞ፣ እኛም ቤት እንደዚያው ሆነን ከረምን። እናቴ ቲኬት ቆራጩ ጋ ደውላ ለሁለት ሰው ቦታ አስያዘች። አባቴ ግን እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ካፖርት በሚሰቀልበት ጥግ ቆሞ፣ ወንዶቹን አንድ በአንድ በክርናቸው እየያዘ ሲያንሾካሹክ አየው ነበር። ኋላ እንደሰማነው ደቦ እየጠራ ነበር። በሕይወቱ አንድ ማሳ ያላረሰ ሹፌር፣ ስቶክሆልም ላይ፣ ለእንጨት ደቦ!

በረዶው ሲሟሽሽ መጡ። እናቴ ነገሩን ተስፋ ቆርጣበት ነበር፤ ቢሆንም ደቦ የመጣን ሰው ሳያበሉ መሸኘት አይሆንላትምና፣ በሁለት ትልልቅ ድስት ቅቅል ሠርታ፣ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ፊቷን ሳትፈታ ይዛ መጣች። ሰዎቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ መዝሙር እያወጡና እየተቀበሉ፣ በብረት መቆፈሪያና በባዶ እጅ ግድቡ ላይ ዘመቱ። እኔ ከውኃው ዳር ሆኜ ገመድ እስባለሁ፤ ቦቴም ጥፍሬም የሄዱት እዚያ ነው።

«ወንድም ዳዊት፣ አንተ እኮ መሐንዲስ ነህ፤ እስቲ መሐንድሰው!» ይላል ከመጡት አንዱ፣ ታክሲ ነጂ የሆነው፣ መኪና ፋብሪካ የሚሠራውን ጓደኛውን።

«እኔ የማውቀው የጭነት መኪና ሞተር ነው፤ ይሄ ሞተር የለውም።»

«እንዴት የለውም? ጥርሱስ!»

ከሰዓት በኋላ ግድቡ ተበጥሶ ውሃው እያገሳ ሄደ፤ ሃሌሉያው ስቬን ቤት ድረስ ተሰማ። ስህተቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎቻችን ጥሩ አሳዳጊ ያሳደጋቸው ናቸው፤ የሰው ግቢ አዝረክርኮ መሄድ ነውር ነው ብለው፣ የወጣውን እንጨት ሁሉ ለቅመው፣ ወፍራሙን ከወፍራሙ፣ ቀጭኑን ከቀጭኑ ለይተው፣ ልክ እንደ ገበያ ማገዶ በውሃው ዳር ከምረውት ሄዱ። ስቬን ክምሩን አይቶ «እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም» አለ፤ ተረጎምኩት፣ ሁሉም ደስ አላቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግድቡ ከበፊቱ ከፍ ብሎ ቆሟል። ክምሩ የለም። ጭራሮ እንኳ አልቀረም። እኔ እስካሁን በንግዱ ዓለም ዕቃውን መርጦ፣ በዓይነቱ ደርድሮ፣ ያለ ማጓጓዣ ደጅ ድረስ የሚያደርስ አቅራቢ አላጋጠመኝም፤ ቢቨሩ አጋጥሞታል። አባቴ የባዶውን ቦታ ረግረግ እያየ ሲቆም፣ ከኋላችን አንድ ድምፅ ሰማን፤ እናቴ ናት፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ከመከር ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። አባቴም ተስፋ ባደረበት ፊት ሲዞር፣ እንባዋን ጠርጋ፣ «ሳቁ ሳቅ ነው፤ ቲኬቱ ግን ቲኬት ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ጋዜጣውን ትቶ ግድቡን ማንበብ ጀመረ። ትንሽ ቀዳዳ ይከፍትና ርቆ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እኔም አጠገቡ ሆኜ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ እጠብቃለሁ። አመሻሹ ላይ ቢቨሩ ይወጣና፣ ውሃው የሚንሿሿበት ጋ ብቻ ሄዶ ይደፍናል፤ ሌላውን ዞር ብሎም አያይም። «አየኸው?» አለኝ አባቴ። «በዓይኑ አይደለም የሚሠራ፣ በጆሮው ነው። ውሃ ሲጮህ ነው የሚነቃው። በአሰብ መንገድ ናፍጣ ከታንከር ስንቀዳ እንዴት ነበር የምንቀዳው? በቱቦ፣ ከታች፣ ዝም ብሎ። ዘበኛው ራስጌ ተቀምጦ እንኳ አይሰማም።» ስለ ናፍጣው ዝርዝር እንድጠይቀው አልፈለገም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስቬን ጎተራ ውስጥ ውሃ ማስወጫ የሚሆን ረጅም ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ነበረው። የአባቴ አሳብ ቱቦውን በግድቡ ውስጥ አሳልፎ፣ የላይኛውን አፍ በዶሮ ቤት ሽቦ ሸፍኖ ከግድቡ ርቆ ኩሬው ውስጥ ማስጠም፣ የታችኛውንም አፍ ድምፅ እንዳያሰማ ከውሃ በታች መቅበር ነበር። አባቴ ዋና አይችልም፤ እኔ አጭር ነበርኩ። እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ ያ ገና በረዶ የለቀቀው ውሃ ውስጥ እስከ ደረቷ ገባች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ይበርድሻል!»

«አንተ እኮ አትገባም፤ ያዝ!... ዝቅ አድርገው። አይ፣ በዛ። ሹፌር እንጂ መስኖ የት ታውቃለህ?»

«አንቺስ ጓሮ እንጂ ናፍጣ የት ታውቂያለሽ?»

«ድንጋይ አቀብለኝና ዝም በል።»

ስቬን ከዳር ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ፤ ውሃውን ጨርሳችሁ ካወረዳችሁ ቢቨሩ ወደ ታች ወርዶ ሌላ ግድብ ይሠራል፤ ወደ ቤቱ በር የሚዋኝበት ያህል ከተዋችሁለት ግን አይሄድም፣ ሌላም አይሠራም። ስተረጉምላት እናቴ ውሃ እያንጠባጠባት ወጥታ፣ መሬቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ከዚያም አንድ ቅርንጫፍ አንስታ፣ ባለፈው ዓመት ነጭ ሽንኩርቱ ከነበረበት በላይ፣ መሐል ላይ ተከለችው። አያቷ በሰው መሬት በእኩል ያረሱ የነበሩ ሰው ናቸውና ሕጉን ታውቀዋለች፤ «ከዚህ ወዲያ ለእሱ፣ ከዚህ ወዲህ ለእኔ። እሱ መሬት አለው፣ እኛ እንግዶች ነን፤ ሲሶ ይበቃኛል አላለን። በእኩል እንረስ» አለች። አባቴ ቱቦውን እሷ ባለችው ልክ አደረገው። መኪና ውስጥ ኮቱን አውልቆ ደርቦላት፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ እስከ ሪንከቢ ድረስ ነዳ፤ እሷም እጇን ማርሹ ላይ፣ በእጁ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔና ሩት ከኋላ ሆነን በመስኮት አሻግረን ማየት ያለብን መሰለን።

ውሃው ቀስ እያለ፣ ሳይጮህ፣ እስከ ቅርንጫፉ ወርዶ ቆመ። ቢቨሩ በግድቡ ላይ እየጨመረ፣ እያሳመረ፣ ለምን እንደማይሞላለት ሳይገባው በጋውን ሠራ። እናቴ በቀረችው ግማሽ ላይ ጎመኗን ዘግይታ ተከለች። ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት በነበረው እሑድ አክስቴ ጋ ተደወለ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ጫማ የማስር መስዬ ቆሜ ነበር። «አሁንማ ተክያለሁ እኮ፣ እህቴ» አለች እናቴ፤ «ተክሎ የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? ... አይ፣ ለከርሞም እንጃ።»

ዛሬ ስቬን የለም፤ መሬቷም ቱቦዋም ቢቨሩም በዛፍ ተውጠው፣ ከመንገዱ የሚያልፍ ሰው እዚያ ጎመን ነበር ቢሉት አያምንም። ወላጆቼ ጡረታ ወጥተው እዚሁ ስቶክሆልም፣ ሄሰልቢ ይኖራሉ፤ ጎመን ከእኔ ሱቅ በካርቶን ይሄድላቸዋል፣ ከሩቅ አገር የመጣ፣ በበጋም በክረምትም አንድ ዓይነት የሆነ ጎመን። እኔም ባለትዳር ነኝ፤ ባለቤቴ ከፍቷት ስትውል ከሱቅ ሆኜ በስልኬ የልብ ሥዕል እልክላታለሁ፣ እሷም ትመልስልኛለች፣ ቀናችን ይውላል። እነዚያ ሁለቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቼ አላውቅም። አንዳቸው ቱቦ ይዞ፣ አንዳቸው ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ሲሰዳደቡ ነው የሰማሁት።

ሒሳቡ ሲዘጋ እንዲህ ነው፤ ግማሽ መሬት ሄደ፣ እናቴ ቀረች።