ፍሪሲዮኑን ያዝና ስማ

የሻረግ ሞተር ሳይክሏን ከአሳምነው ጋራዥ ለሦስተኛ ጊዜ ስታወጣ ድምፁ ያው ነበር። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በርሜል ውስጥ የወደቀ ቡሎን የሚንከባለል ይመስል ሞተሩ ውስጥ ያንኳኳል።

«ይኸው እኮ! አልጠፋም» አለች።

አሳምነው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ቀና ሳይል፣ «የሹ፣ ነግሬሻለሁ። ቢዬላው ነው። ፒስተኑን የሚገፋው ብረት አልቋል» አላት።

«ባለፈው ቀየርኩት አላልከኝም?»

«ቀይሬዋለሁ። አዲስ ብረት ከአሮጌ ሞተር ጋር አልስማማ ብሎ ነው።»

ጎማ ሊያስለጥፉ የቆሙት ሰዎች ሳቁ። የሻረግ ደሟ ፈላ። አሳምነው ባዕድ አይደለም። ወላጆቻቸው በድርቁ ጊዜ በአንድ መኪና ከወሎ መጥተው፣ አሶሳ ዙሪያ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ጎን ለጎን ነው የሰፈሩት። የመሥሪያ ቤቷ ሞተር ሳይክሎች ወደሱ ጋራዥ እንዲሄዱ ሲወሰን «የእኛው ልጅ ነው፣ አያታልለንም» ብላ የተናገረችው እሷው ራሷ ነበረች።

«እስቲ ልንገርህ» አለችው፤ «ሲሞቅ ነው የሚብሰው። ቆሜ ስጠብቅ ያንኳኳል። ዳገት ስይዝ ደግሞ ይጠፋል። ቢዬላ ከሆነ ዳገት ላይ አይብስም ወይ?»

«አንቺ ላም ስታክሚ እኔ መጥቼ አስተምርሻለሁ?»

ሰዎቹ እንደገና ሳቁ። ጥርሷን ነክሳ ወረቀቱን ተቀበለችው፤ «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ» ይላል። ጊዜ ቢኖራት አንድ ዙር ነድታ ትፈትናት ነበር። ግን ከሰኞ ጀምሮ ስልኳ እየጮኸ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው። ፈረመች።

የሻረግ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከአሶሳ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን አራት ቀበሌዎች ስትዞር ኖራለች። በዚያ ቆላ የገንዲ ዝንብ ከብቱንም አህያውንም ነክሳ ደሙን ታመርዛለች፤ እንስሳው ይከሳል፣ እንባው ይወርዳል፣ እግሩ ይከዳዋል። መድኃኒቱ በጊዜ ከደረሰ ይድናል፤ ካልደረሰ የለም። ከሰኞ ጀምሮ ሲደውልላት የከረመው ሐምዳን የሚባል ሰው ነበር። ክረምት ማሽላ ያርሳል፣ በጋ ወርቅ ያጥባል። ከጉድጓዱ ያወጣውን አፈር ወደ ወንዙ የምታጓጉዝለት አንዲት አህያ አለችው፤ እሷ ታማለች። ሐምዳን የአፍ መፍቻው በርታ ስለሆነ በአማርኛ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው።

«አህያ ታመመ። ትናንት ቆመ፣ ዛሬ ተኛ። አንተ መቼ ትመጣለህ?» ነበር ያላት ረቡዕ ማታ።

«ነገ እመጣለሁ» ብላው ነበር።

መንገዱን አጋመስኩ ስትል ሞተሩ አቅም አጣ። የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ወዲያው አጠፋችና ወረደች። የቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች በዘይት ተነክሯል። ጎንበስ ብላ ስታይ፣ ከሞተሩ ሥር ዘይት የሚወርድበት ቡሎን በጣት የሚዞር ያህል ላልቷል። የከፈተው ሰው መልሶ አላጠበቀውም። ዘይቱ ከአሶሳ ጀምሮ በመንገዱ ሁሉ ሲንጠባጠብ መጥቶ አልቋል።

መንገዱ ላይ ብቻዋን ቆማ ጮኸች። ሰው ቢሰማው የሚያፍርበትን ስድብ ሁሉ በአሳምነው ላይ አወረደችው። ከዚያ ቡሎኑን በፔንሳ አጠበቀች፤ ሞተር ሳይክሏን ገፍታ በአቅራቢያው ባለ አንድ ግቢ በአደራ ተወችና የመድኃኒት ሣጥኗን ተሸክማ በእግሯ ተነሣች። ሦስት ሰዓት ሄደች። የሚያልፍ መኪና አልነበረም።

ስትደርስ ሐምዳን ከማንጎው ሥር ቆሞ ነበር። ፊቱን ስታይ ገባት።

«ሞተ» አላት። «ቅድም ሞተ።»

አህያይቱ እግሮቿን ዘርግታ ተኝታለች። የሻረግ ከልማድ ብዛት ጎንበስ ብላ የዓይኗን ሽፋን ገለጠች፤ ነጭ ነው፣ ደም የለውም። ጥቂት ሰዓት ቀድማ ብትደርስ ኖሮ አንድ መርፌ ሊያተርፋት ይችል ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ወላሂ አንተ በእግር መጣህ» አለ ሐምዳን ዘይት የነከረው ሱሪዋን እያየ። «ውሃ ጠጣ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ውሃውን ጠጣች፤ የጎረቤቶቹን አህዮችና ሁለት በሬዎች ወጋች።

እዚያው አድራ በማግስቱ ከመንጌ ዘይት አስገዛችና ወደተወችበት ግቢ ተመልሳ ሞተር ሳይክሏን አስነሣች። እግዜር ሲረዳት ሞተሩ አልተቃጠለም። ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚለው ግን አለ። በዝግታ ስትመለስ የፍየል መንጋ መንገዱን ሞላው። ማርሹን ሳታወጣ ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን በግራ እጇ ጨብጣ ቆመች። እረኛይቱ ፍየሎቿን ስትነዳ የሻረግ ደወላቸውን ሰማች። ደወሉን እንዴት ሰማሁት ብላ ደነገጠች። የሞተሩ ማንኳኳት ጠፍቷል።

ማርሹን አወጣችና ፍሪሲዮኑን ለቀቀች። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ጨበጠች። ዝም። ለቀቀች። ቋ፣ ቋ። ፍየሎቹ ካለፉ በኋላም እዚያው ቆማ አሥር ጊዜ ሞከረችው። ቢዬላ ቢሆን ጣቷ ቢጨብጥ ባይጨብጥ ምን አገባው?

ከሣጥኗ የከብት ልብ የምታዳምጥበትን መሣሪያ አወጣች። ጫፉን ፒስተኑ ካለበት በላይ ይዛ አዳመጠች፤ ሲነድ የሚሰማ ተራ ድምፅ ነው። በግራ በኩል፣ ያው ነው። በቀኝ በኩል፣ ፍሪሲዮኑ ከተሸፈነበት ክዳን ላይ ስታኖረው ጆሮዋን እንደ መዶሻ መታት። ከጆሮዋ ነቅላ ጣለችው። እዚያው ነው። ሁለት ጊዜ የተከፈተው ሞተር ያለ ኃጢአቱ ነው የተከፈተው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም። አህያይቱ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

አሶሳ እንደገባች አለቃዋ አቶ ሂርጳ አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ ቅጽ ተዘርግቷል።

«ከጋራዡ ደብዳቤ መጥቷል። ሞተር ሳይክሏ ጥገና አትቀበልም፣ ትወገድ ይላል። ፈርሚና እንዝጋው።»

«ከተወገደች በምን ልሄድ ነው አቶ ሂርጳ?»

«እስኪተካ ትጠብቂያለሽ።»

«ባለፈው ዓመት የተወገዱት ተተኩ?»

ሂርጳ እስክሪብቶውን ወደሷ ገፋላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ፈርሞ የሚያሳልፍ ሰው ነው።

«አልፈርምም» አለች የሻረግ። «አንድ ጊዜ ሳላይ ፈርሜ የሰው አህያ ገድያለሁ። ይምጡና በጆሮዎ ይስሙ። ከሰሙ በኋላ ፈርሚ ካሉኝ እፈርማለሁ።»

ድምፅዋ ከፍ ስላለ ከየቢሮው አንገቶች ብቅ ብቅ አሉ። ሂርጳ ተነሥቶ ተከተላት።

ጋራዡ እንደወትሮው ሰው ሞልቶበታል። የሻረግ ሞተር ሳይክሏን መሐሉ ላይ አቆመች፤ አላጠፋቻትም።

«አሳምነው፣ ና።»

«የሹ፣ ዛሬ ሥራ በዝቶ...»

«ና አልኩህ! ፍሪሲዮኑን ያዝና ስማ።»

ሰው ሁሉ እያየው ስለሆነ መጣ። ጨበጠ። ድምፁ ጠፋ። ለቀቀ። ተመለሰ። ሂርጳ ጠጋ ብሎ ራሱ ሞከረው፤ ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ አሳምነውን ቀና ብሎ አየው።

«እኔ በዚህ ሙያ ሃያ ዓመት...» ብሎ ጀመረ አሳምነው።

«ሃያ ዓመት ከፍተሃል» አለችው። «አንድ ቀን አልሰማህም። አሁን ክዳኑን ፍታ። ፊቴ ፍታ።»

ፈታው። የፍሪሲዮኑን ቤት አውጥቶ በእጁ ሲይዘው፣ ከጀርባው የተሰኩት ሞላዎች ከዕድሜ ብዛት ላልተው ይወዛወዛሉ። የሻረግ ተቀብላው ነቀነቀችው። ቋ፣ ቋ። ከሞተር ውጭ፣ በሰው እጅ ላይ፣ ያው ድምፅ። በዚህ ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም።

«ይኸም ሊሆን እንደሚችል ገምቼ ነበር» አለ አሳምነው ቀስ ብሎ።

የሻረግ ብረቱን ፊቱ ላይ ልትወረውረው እጇ ተነሥቶ ነበር። መልሳ አወረደችውና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ሂርጳ የማስወገጃውን ቅጽ ኪሱ ከተተ። ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ቀደም ሲል ከተወገዱት ሞተር ሳይክሎች አንዷ የዚችው ዓይነት ስለነበረች፣ የፍሪሲዮኗ ቤት እንዲወጣ በዚያው ቀን ፈቀደ። የሻረግ ሲገጠም እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። የዘይት ቡሎኑን ራሷ አጠበቀችው። ከዚያ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ነድታ ተመለሰች፤ የርክክቡን ወረቀት የፈረመችው ከተመለሰች በኋላ ነው። ማንኳኳቱ ጠፍቷል። ንዴቷ ግን አልጠፋም፤ ሌሊት እንኳ ከእንቅልፏ እየቀሰቀሰ ከአሳምነው ጋር ያጨቃጭቃታል።

በሳምንቱ ወደ ሐምዳን ሄደች። የጎረቤቶቹን አህዮች ካየች በኋላ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ የላላውን ቡሎን፣ ያለ ጥፋቱ የተከፈተውን ሞተር፣ ሳትፈትን የፈረመችውን ወረቀት። የእሷንም ጥፋት አልሸሸገችም።

ሐምዳን እስከዚያ ድረስ መንገድ አስቸግሯት የዘገየች ነበር የመሰለው። አዳመጠና ተነሣ። ፊቱ ተለወጠ።

«መንገድ አይደለም? ሰው ነው?»

«ሰው ነው።»

«ስሙ ማነው? ንገረኝ።»

ነገረችው።

ቅዳሜ ገበያ ቀን ሐምዳን በጭነት መኪና ተሳፍሮ አሶሳ ገባ፤ እየጠየቀ ጋራዡን አገኘ። የሻረግ አብራው አልነበረችም፤ የነገሯት እዚያ የነበሩ ሰዎች ናቸው። አሳምነው ደንበኛ መስሎት «እንደምን አደሩ አባቴ» ብሎ ዱካ አቀረበለት። ሐምዳን አልተቀመጠም።

«እኔ ሐምዳን። አህያ የእኔ ሞተ። አንተ ብረት አላጠበቅህም፣ ሐኪም በእግር መጣ፣ አህያ ሞተ። ገንዘብ አልፈልግም። አንተ ፊት ለማየት መጣሁ።»

እንዲህ ብሎ ቆመ። አሳምነው በእጁ የያዘውን መፍቻ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያዛውረዋል። ሐምዳን ፊቱን ትክ ብሎ አይቶ፣ አይቶ፣ ሲበቃው ዞሮ ወጣ።