አዎን ያለችው ትንፋሽ

ባለፈው ሰሞን ልጄ በሩ ላይ ተደግፎ ስልክ ሲያወራ፣ ጓደኛው የሚነግረውን እየሰማ፣ ቃል ሳያወጣ፣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እህ» ሲል ሰማሁትና እጄ ላይ የነበረው ሰሃን አመለጠኝ። ደንግጦ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ሁላችንም በቀን መቶ ጊዜ የምንላት አዎን ናት። እኔ ግን ያቺን ድምፅ ሳላስበው ስሰማት ተመልሼ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ አሰበ ተፈሪ፣ ከዋናው መንገድ በላይ ባለችው ቤታችን በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ የጋሽ ታደለ ዓይንም ከፊቴ ላይ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደ እናቴ ሲዞር አያለሁ። አደጋ ምን እንደሆነ መጀመሪያ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እናቴ እታለማሁ ቃል የማታበዛ ሰው ነበረች። አባታችን ገና ሳልራመድ ሞቶ፣ በፊት ለፊቷ ክፍል ጨው፣ ሽንኩርትና ላምባ እየቸረቸረች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ዘውዱን ታሳድግ ነበር። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ከተራራው ወርዶ መንገዱን ጭቃ ሲያደርገው፣ ሊሸምት የገባው ሁሉ እስኪያባራ እኛው ቤት ይቀመጥ ነበር፤ እናቴም በእንግዳ ፊት ልጆቿን በአፏ አትገስጽም፣ በዓይኗ ነበር የምታስተዳድረን። ቅንድቧ ከፍ ካለ አዎን ነው፣ እግሬን ካየች አቀማመጤን ላስተካክል ነው፣ የታችኛውን ከንፈሯን ከነከሰች ደግሞ እንግዳው ይሂድ እንጂ ጉዴ ነው። ሰው ቤት ሄደን ምግብ ሲቀርብልኝ «በልቻለሁ» እያልኩ በጎን እሷን አያት ነበር፤ የዓይኗን ሽፋን አንዴ ዝቅ ካደረገች እቀበላለሁ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ካየች ግን ረሃብ እየሞረሞረኝም ጠግቤያለሁ። ዘውዱ «የኛ እማዬ እኮ ሬዲዮ ናት፣ ድምጿ የጠፋባት!» እያለ ሲቀልድ ከንፈሯን ትነክስበታለች፣ የዓይኗ ጥግ ግን ይስቅ ነበር።

ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታቸው እማማ ዘሃራ ጫት ነጋዴ ነበሩ። የእሳቸው አማርኛ ግማሹ ኦሮምኛ፣ የእናቴ ኦሮምኛ ከሰላምታ የማያልፍ ስለነበረ፣ የሁለቱ ወሬ ይበልጡን በአገጭና በቅንድብ ነበር። ጨው ሲያልቅባቸው ባዶ ጣሳቸውን በአጥሩ ላይ ከፍ ያደርጋሉ፣ እናቴ በአገጯ ወደ በሩ ትጠቁማለች፣ አለቀ። «እታለም፣ አንቺ ጋ እኮ አፍ ሥራ ፈት ነው፣ ወላሂ!» እያሉ ይስቁ ነበር።

ዝናቡ አብቅቶ መስቀል ካለፈ በኋላ በዚያ ዓመት አፈሳው መጣ። ወጣት የተባለ ሁሉ ከኳስ ሜዳ፣ ከገበያ፣ ከመንገድ እየታፈሰ በካሚዮን ተጭኖ ወደ ጦር ሜዳ ይሄድ ነበር፣ ከሰፈራችን ብቻ በአንድ ሳምንት ሦስት ልጆች ተወሰዱ። ዘውዱ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ቁርሱን እኛ ጋ በልቶ፣ በአጥሩ ሾልኮ እማማ ዘሃራ ጓሮ ጫት ወደሚታሰርበት ክፍል ይገባና ሲመሽ ይመለስ ነበር። እናቴ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ «የሺ፣ ስለ ወንድምሽ ማንም ቢጠይቅሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ» አለችኝ። ቅንድቤን ከፍ አደረግሁላት።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ታደለ መጣ። የቀበሌ ጥበቃ ነው፣ ሲጋራ በፍሬ እየገዛን ዘውዱን ከሕፃንነቱ የሚያውቅ ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ጠመንጃ የያዘ አንድ የማናውቀው ሰው አስከትሎ ነበር፤ ሰውየው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ደጃፍ ላይ ቆመ። ጋሽ ታደለ አልጋ ሥር፣ ከጆንያው ኋላ አይቶ ሲጨርስ ተቀመጠ።

«ዘውዱ የለማ!»

«አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ሄዷል ብዬህ የለም ወይ፣ ወንድሜ» አለች እናቴ፣ ጨው እየሰፈረች።

ወደ እኔ ዞሮ ሳቅ አለ። «የሺ፣ ወንድምሽ ከጓሮዬ ዛፍ ዘይቱን ሊሰርቅ ጣሪያዬ ላይ የወጣ ጊዜ አልተወለድሽም። ቆርቆሮው ተሰብሮ እግሩ ከማድቤት ተንጠለጠለ! ሚስቴ ድስቷን ጥላ ‹ሁለት እግር ከሰማይ ወረደ!› እያለች መንገድ ለመንገድ ስትሮጥ…» ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ታደለ ሲያወራ ደስ ይል ነበር፣ አገጬን በመዳፌ ይዤ ታሪኩ ውስጥ ገባሁ። «ጉዱ ሁሉ ከሆዱ ነው። አሁንም አልተወውም አይደል? ዛሬም ያን ቁርስ ጠራርጎ በልቶ ነው የወጣው?»

እኔም አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «እህ» አልኩ።

ቃል አልወጣኝም። እናቴ ያለችኝን ጠብቄ ነበር፣ ትንፋሼ ግን አላስፈቀደችኝም። ጨዋታው ቆመ፤ የእናቴ እጅ ከነጣሳው አየር ላይ ቀረ፣ ጨው በጣቶቿ መሃል መሬት ላይ ሲፈስ ይሰማ ነበር። ጋሽ ታደለ እኔን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ የእማማ ዘሃራን ግድግዳ አየ። ከንፈሩን መጠጠ። በአገጩ በትከሻው በኩል ደጃፉ ላይ የቆመውን ሰው አመለከታትና ብድግ ብሎ «የለም፣ እንሂድ!» አለ ጮክ ብሎ። ሲጋራ ሳይገዛ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከንፈሯን እስክትነክስ ጠበቅኋት። አልነከሰችም፤ መጥታ መዳፏን አናቴ ላይ ስታሳርፍ ነው ያለቀስኩት። ወዲያው በአጥሩ ብቅ ያሉትን እማማ ዘሃራን «ታደለ አውቋል» አለቻቸው። «ለዛሬ ትቶናል፤ ያ ሰውዬ ግን አይለቀውም። እዚህ አናድርም።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉ እማማ ዘሃራ። «የባሌ ወንድም ከሰዓት ቡና ሊጭን በጭነት መኪናው ባዶ ጆንያ ይዞ ወደ መቻራ፣ ወንድምሽ ወዳለበት ይወጣል። ልጁ ከጆንያው ሥር ይገባል። አንቺስ ኬላ ላይ ምን ትያለሽ?»

እናቴ ሳጥኗን ከፍታ ነጠላዋን አወጣችና ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ፣ ሰው እንደ ሞተበት አዘቅዝቃ ለበሰችው። ለእኔም እንዲሁ አለበሰችኝ። «ያ ረቢ! እታለም፣ ልጅሽ በቁሙ?» ብለው እማማ ዘሃራ አፋቸውን ያዙ። እናቴ ቅንድቧን አንዴ ከፍ አደረገች፣ እንባዋ ግን ከዚያ በኋላ አላቋረጠም።

መኪናው በጓሮ ተጠግቶ ዘውዱ ከጆንያው ሥር ከገባ በኋላ፣ ገበያ ዳር ሌሎች ተሳፋሪዎች ወጡ። የእናቴን ነጠላ ያየ ሁሉ ከንፈሩን መጦ ይጠጋል፣ ማንም ምን ሆናችሁ አላለንም። እኛ እሱ ካለበት በላይ ተቀምጠን ስለነበር እግሬ ሥር ጆንያው ሲነሳና ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። አቧራው ሲበዛ ጆንያው አነጠሰ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ጥምጣም የጠመጠሙ ሽማግሌ ወዲያው እሳቸው እንዳነጠሱ ሆነው «አልሐምዱሊላህ!» አሉና አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። ሌላው ሁሉ ተራራ ተራራውን ያይ ጀመር።

ገለምሶ ሳንደርስ ኬላው ላይ አንድ ወታደር «ሁላችሁም ውረዱ!» አለ። ሰዉ መውረድ ሲጀምር እናቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ስባ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ሽማግሌውም አልወረዱም፤ ወታደሩን አዩትና በአገጫቸው እሷን አመለከቱት። የወታደሩ ድምፅ ወረደ።

«ማን ሞቶባችሁ ነው፣ እማማ?»

እናቴ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ፊቷ ሳበች። ወደ እኔ ዞረ፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ ነበር። «ወንድምሽ ነው?»

ትንፋሼ መጣች። ወደ ውስጥ ልትገባ ከጉሮሮዬ ስትደርስ፣ ወንድሜን በቁሙ ሞቷል ላለማለት የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ነከስኩት፣ ዓይኔ ብቻ ሞላ። እሱም ያን እንደ መልስ ወሰደው መሰለኝ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀና የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ መታ። እለፉ ማለቱ ነው።

መቻራ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የእናቴ ወንድም ግቢ በሙሉ የተሰጣ ቀይ ቡና ነበረ። ዘውዱ ከጆንያው ሥር ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ለብሶ ነበር፣ «እማዬ፣ ጨው መሰልኩ አይደል?» ብሎ ሊያስቃት ሞከረ። እናቴ ግን መጀመሪያ ያደረገችው ነጠላዋን ማውለቅ ነው፤ አራገፈችው፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ ለበሰችው፣ የእኔንም አስተካከለች። ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማት «ደርሰናል። ልጄ አለ። ደህና ነን» አለች። ከቤት ከወጣን ወዲህ ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያው ንግግር ነው።

ዘውዱ እዚያው ቀርቶ ዛሬ ፀጉሩ የነጣ ባለ ቡና ነው። እናታችን አርፋለች፣ ያኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ስገባ ዘውዱ ሊያየኝ አልቻለም። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ልጄ ግን መንገድ ሲሄድ ከየከተማው «ደርሻለሁ» ብሎ በስልክ ይጽፍልኛል፣ አነባታለሁ፣ ደስም ይለኛል፣ ግን በሩን ከፍቶ ገብቶ ዓይኑን እስካየው ልቤ አያርፍም። በእኛ ጊዜ ቃል ሰው የሚያስበላ ስለነበር በዓይን እንደባበቅ ነበር፤ የዛሬ ልጆች ትንፋሻቸውን አይቆጥሩም፣ አይቁጠሩ።

የሰሃኑን ስብርባሪ ለቅሞልኝ ሲጨርስ «አሁን ደህና ነሽ?» አለኝ። ትንፋሼ እንደ ልማዷ ወደ ውስጥ ልትሳብ ስትል ያዝኳትና፣ እናቴ ያን ቀን መቻራ ስንደርስ እንዳደረገችው በቃል፣ «አዎ፣ ደህና ነኝ» አልኩት።