እግሩ አላርፍ ያለው ተማሪ

ሾፌሩ ዓይኑ መድከሙን ያወቀው መንገድ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ደህና ነበር፤ የጠፋው ዳር ዳሩ ነው። ከቀኝ የሚመጣ ብስክሌት፣ ከግራ የሚሻገር ውሻ ድንገት ከመሬት የበቀለ ይመስለው ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው “አላይም” ካለ ምን ቀረው? አንድ ቀን ግን ድልድይ ላይ የመኪናውን ጎን ከብረቱ ጋር ሲያፋጨው ረዳቱ ጮኸ። ሾፌሩ ዳር ይዞ አቆመ፤ ቁልፉን ነቀለና ለረዳቱ ሰጠው። “በል፣ አንተ ንዳ” አለው። ያየው የዓይን ሐኪም ግላኮማ ነው አለ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረውም ቀስ እያለ ይሄዳል።

ሚስት የለውም። “እኔ ራሴ ቤት አልገኝ፣ ማንን ላስቀምጥ?” ሲል ነው የኖረው። ስለዚህ ታላቅ እህቱ ቤት ገባ። እህቱ ነርስ ናት። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ዛሬም “እቴቴ” ነው የሚላት። እዚያ ቤት ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር፣ ኑሮው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ሲሄድ የአበባ ማስቀመጫ ይገለብጣል፤ ሲመለስ የስልክ ቻርጀር ነቅሎ ይጎትታል።

“አንተ ሰው፣ እግርህ ውስጥ ጉንዳን ገባ እንዴ?” አለችው። “ምንጣፌን እኮ ጨረስከው!”

“ሌላ ምን ልሥራ እቴቴ?”

“ተማር።”

እሷ የምትሄድበት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ አለው። ማየት የማይችሉ ተማሪዎችም እንደሚገቡ እሑድ ዕለት ሰምታ መጥታለች። እሱም ወጣት ሳለ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ጥሩ ውጤት ነበረው፤ የመኪና መሪ ይሻለኛል ብሎ ነው የተወው። ሣቀ። በዚህ ዕድሜው፣ ልጆቹ ሊሆኑ በሚችሉ ጎረምሶች መሃል! እሷ ግን አልሣቀችም። ልብሱን አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት።

የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ዲን ፈርጠም ያሉ፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ናቸው። ሾፌሩን ይዘው ወደ መኝታ ክፍል ወሰዱትና ከአንድ አናጺ ጋር አስገቡት። አናጺው ሠላሳውን ያለፈ ሰው ነው። በልጅነቱ ማጅራት ገትር ታሞ ጆሮው ጠፍቷል። የሰው ከንፈር እያየ ይረዳል፤ እሱ ግን በድምፁ ስለተሳቀበት መናገር ትቷል። ሾፌሩ ይህን ሁሉ የሰማው ዘግይቶ ነው። “እንደምን አደርክ” ሲለው መልስ የለም፤ “ደህና ዋል” ሲለው መልስ የለም። ይሄ ኩራተኛ ሲል ተብሰከሰከበት። እውነቱን ሲነግሩት ደግሞ ባሰበት፤ ዲኗ ቢሮ ገባ።

“እትዬ፣ እኔ አላይም፣ እሱ አይሰማም። እንዲህ ያለ ቀልድ አለ?”

“ቀልድ አይደለም” አሉት ዲኗ። “ሌላ አልጋ የለኝም።”

ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ መንጎራደዱን ቀጠለ። ቢያንስ ይሄ ሰው የእግሬን ኮቴ አይሰማም ብሎ ተጽናንቶ ነበር። ተሳስቷል። ወለሉ ሣንቃ ነው፤ እያንዳንዱ እርምጃ በአልጋው እግር በኩል ወደ አናጺው ጀርባ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ አናጺው ጋደም ካለበት ብድግ አለ፤ የሾፌሩን እጅ ለቀም አድርጎ መዳፉን ዘረጋው። በጣቱ ይጭርበት ጀመር። መጀመሪያ “ተ”፣ ቀጥሎ “ቀ”፣ “መ”፣ “ጥ”።

ሾፌሩ ሣቁ መጣ። “አፍህን ስትከፍት የመጀመሪያው ቃል ትእዛዝ ሆነ?” አለው። አናጺው ከንፈሩን አይቶ እሱም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሣቀ። ሾፌሩ ይህን የሰማው በያዘው እጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ መዳፍ ስልካቸው ሆነ። መሪ ያደነደነው የሾፌሩ ጣት ብሬል እምቢ ሲለው አናጺው ቀጭን እንጨት ላይ ሚስማር እየመታ ትልልቅ ነጥብ ሠራለት። የግቢው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አንድ ብቻ ስለሆነና ከክፍል ክፍል ስለሚሮጥ፣ እሱ በሌለበት ሰዓት ሾፌሩ ፊቱን ወደ አናጺው አዙሮ መምህሩ ያለውን ቀስ አድርጎ ይደግምለታል። ሌሎች ተማሪዎች “ባልና ሚስቱ” ይሏቸው ነበር። ሾፌሩ “ሚስቱ የትኛችን ነን?” ብሎ ይጠይቃቸዋል።

ግን እግሩ አላረፈም። ክፍል ውስጥ ጉልበቱ ሲርገፈገፍ ዴስኩ ይንቀጠቀጣል፤ ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። የሥነ ልቦናው መምህር አንድ ጠዋት ትዕግሥቱ አለቀ።

“ወይ ተቀመጥ፣ ወይ ውጣ!”

ሾፌሩ ወጣ። ዱላውን እያንኳኳ ከግቢው ወጥቶ በቀጥታ መናኸሪያ ሄደ። የረዳቶቹን ጩኸት፣ የናፍጣውን ሽታ ሲያገኝ ደረቱ ተከፈተ። የት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ አውቶቡስ ላይ ወጣ። በመስኮቱ ንፋስ እየተመታ ሌላ ከተማ ደረሰ፣ ወረደ፣ ዞር ዞር አለ፣ በሌላ መኪና ተመለሰ። ግማሽ መንገድ ላይ ነው ትዝ ያለው። የዚያን ዕለት ከሰዓት እሱና አናጺው ክፍሉ ፊት ቆመው የጥናት ሥራቸውን ማቅረብ ነበረባቸው። አስተርጓሚው ሌላ ክፍል ነው። የአናጺው አፍ እሱ ነበር።

አውቶቡሱ የሚሳብ መሰለው።

ግቢ ሲገባ የሥነ ልቦናው መምህር ደረጃው ላይ አገኘው።

“ጓደኛህ ሲጠብቅህ፣ በሩን ሲያይ ቆየ” አለው። “ከዚያ ጠመኔ አንስቶ ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፈው። ይሞላል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል። ደወሉ ሲደወል ልብሱ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር።” ቀጥሎም፦ “ያባረርኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ ሁለታችንም አበላሽተናል።”

ሾፌሩ ክፍሉ ሲገባ አናጺው አልጋው ላይ ነበር። ሾፌሩ ይቅርታውን ጀምሮ መጨረስ አቃተው። መዳፉን ዘርግቶ ቆመ፤ ስድብም ቢሆን ልቀበል ብሎ። ጣቱ መጣ። “የት ነበርክ?” የከተማውን ስም ነገረው። ጣቱ ቆም አለና እየፈጠነ ጻፈ፦ “ለምን አልወሰድከኝም?”

ለካ ያም ሰው ዘመኑን ሁሉ ከወርክሾፕ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ወርክሾፕ ሲል የኖረ ነው። ይጠፋብናል ብለው ዘመዶቹ ብቻውን መኪና አሳፍረውት አያውቁም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ጠፉ። አናጺው በመስኮት ያየውን በመዳፍ ይጽፋል፤ ሾፌሩ ረዳቱ የጠራውን የከተማ ስም ይነግረዋል። ማታ ሲመለሱ ዲኗ በር ላይ ቆመው ልክ ልካቸውን ነገሯቸው። በሁለተኛው ጊዜ ግን “ስትሄዱ ንገሩኝ” ብቻ አሉ።

የሥነ ልቦናው መምህርም ሾፌሩን ጠርቶ “ኋላ ግድግዳው ጋ ቦታ አለ፤ ቆመህም እየሄድክም ስማኝ” አለው። መጀመሪያ ተማሪው ተንሾካሾከ። ትንሽ ቆይቶ ወገቧን የሚያማት አንዲት ተማሪ “እኔም ልቁም?” ብላ ተነሳች፤ ከዚያ አንዲት ነፍሰ ጡር ተማሪ፣ ከዚያ ሌሊት ጥበቃ ሠርቶ እየመጣ እንቅልፍ የሚያዳፋው ተማሪ። ጸሎት ቤቱ ውስጥም እንዲሁ ሆነ። ሾፌሩ ለግቢው ቄስ “አባ፣ እኔ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም፤ ተቀምጬም አልጨርስም” ቢላቸው፣ “መዝሙሩ ለቆመም ይሰማል” አሉት። እሱም በሩ ጋ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። አንዳንዴ ሳይጨርሱ ይወጣል። አልከለከሉትም።

በሦስተኛው ዓመት የቀረችው ብርሃን ጠፋች። ሲነቃ መስኮቱ አልነበረም። ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ፤ ወዳጆቹን ያስፈራቸውም ይሄው ነበር። እህቱ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። አናጺው ግን መዳፉን ይዞ “ተነስ” ሲል ጻፈበት፤ እምቢ ሲል ደግሞ ጻፈው፤ በመጨረሻ ጎትቶ አስነሳው።

ሁለቱም ተመረቁ። አናጺው መስማት ለተሳናቸው ልጆች ያስተምራል፤ አግብቷልም። ሾፌሩ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ፣ አካል ጉዳተኛ ልጆችን እንዴት እንደሚቀበሉ መምህራንን ያማክራል። ሥራው መንገድ ስላለው ወደደው። ሆኖም እሱ ራሱ በየጊዜው ራቅ ወዳለ ቦታ ዝውውር ይጠይቃል። እህቱ ባለፈው ሳምንት ደውላ ነበር።

“መቼ ነው የምታርፈው?”

“እቴቴ፣ አሁን ቸኩያለሁ፤ መኪናው ሊወጣ ነው።”

“የት ልትሄድ?”

“እሱን ረዳቱ ሲጣራ እሰማለሁ” ብሎ ስልኩን ዘጋው።