ድምፅ ማጉያ የሌለው ሬዲዮ

በደርግ ዘመን መገባደጃ ላይ ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ወሬው ጠፋ። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። በዚያው ሰሞን የአማፅያኑ ሬዲዮ የማረኳቸውን ወታደሮች ስም ከነአባታቸው እንደሚያነብ በሹክሹክታ ይወራ ጀመር። እናቴ ይህን ከሰማች ወዲህ ስለ ሌላ ነገር አላነጋገረችኝም።

እኔ ያኔ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ ነበርሁ። የቤታችንን ሬዲዮ በችግር ጊዜ ሸጠነዋል፤ ከልዩ ልዩ መዋጮ የሚተርፈው ደመወዜም አዲስ ለመግዛት አይበቃም። ሆኖም በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሬዲዮ ሥራ ተምሬ ነበርና፣ ዕቃዎቹን ለየብቻ ገዝቼ በራሴ እጅ ልገጥም ወሰንሁ።

ገንዘብ ሲያጥር አስቀድሞ መወሰን ያለበት ስስት የማይፈቀድበትን ነው። ጣቢያውን መንግሥት በጩኸት ያፍነዋል፤ ጣቢያውም ለማምለጥ ሞገድ ይቀያይራል። ስለዚህ የጣቢያ መፈለጊያው ኮንደንሰር አዲስና የማይላላ መሆን ነበረበት። ትራንዚስተሮቹ ከሞቱ ሬዲዮዎች የተነቀሉ ቢሆኑም ግድ አልነበረኝም፤ ደህናውን ከተበላሸው መለየት አውቅበታለሁ። ለሣጥን የብስኩት ቆርቆሮ፣ ለአንቴና የግቢያችን ልብስ ማስጫ ሽቦ በቂ ነበር። አንቴናው ማንም ሳይጠረጥረው በጠራራ ፀሐይ አንሶላ ተሸክሞ ይውላል።

የቀረው ድምፅ ማጉያው ነበር። ከእኛ ጥቂት ቤቶች አለፍ ብለው የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛ ይህንኑ ጣቢያ ድምፁን ዝቅ አድርገው ሲሰሙ የቀበሌ ጥበቃዎች ከመንገድ ሰምተው ወስደዋቸዋል፤ አልተመለሱም። መስኮታቸውን ለምን አልዘጉም የሚል ድሬዳዋን አያውቃትም። በዚያ ሙቀት መስኮቱን የዘጋ ቤት ከሬዲዮው ይልቅ መስኮቱ ያሳብቅበታል።

በደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተሻግሬ መጋላ ገበያ ገባሁ። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሶማሌ ነጋዴ ነበር፤ ወሬው ብዙ፣ ዕቃው ግን የታመነ። ኮንደንሰሩን እያገላበጥሁ ስመረምር ታገሠኝ። ድምፅ ማጉያውን መልሼ ለአንድ ጆሮ ብቻ የምትሆነውን ማዳመጫ ሳነሣ ግን ሳቀብኝ።

«አቦ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ትላላችሁ። ብቻውን የሰማስ?»

ገንዘብ አነሰኝ አልሁት። ይህም እውነት ነበር፤ እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም።

ሬዲዮውን ገጥሜ ስጨርስ መጀመሪያ በፈተንሁት ጊዜ ሠራ። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ ነፋስ ፍለጋ ደጅ ሲወጣ፣ እኔና እናቴ ጓዳ እንገባለን። ጣቢያውን ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ማዳመጫውን ለእናቴ እሰጣታለሁ። ስሞቹን በራሷ ጆሮ ካልሆነ በእኔ በኩል መስማት እምቢ ብላ ነበር። እኔ እጄን ከመፈለጊያው ሳላነሣ ፊቷን አያለሁ፤ ግንባሯ ሲቋጠር ጣቢያው እንደሸሸ አውቄ እከተለዋለሁ። ለብዙ ሳምንታት እንዲህ ቆየን።

አንድ ቀን የእጄን አንጓ ጨምድዳ ያዘች። እስኪበቃት ጠበቅኋት።

«ጠሩት» አለች።

«የማን ልጅ አሉ?»

«የማን ይሆናል? የአባትህ ነዋ።»

«እማዬ፣ የአባቱን ስም ሰማሽው ወይ ነው የምልሽ።»

«ስሙን ሰማሁ። ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

ወንድሜ ስሙ ብዙ ሞክሼ ያለው ነበር፤ በእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ በዚያ ስም የሚጠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። የአባት ስም ያልተከተለው ስም ደግሞ በአገራችን የማንም ሊሆን ይችላል። ያን ምሽት የተነበበውን ከእሷ በቀር የሰማ አልነበረም። ድምፅ ማጉያ ቢኖረን ሁለታችንም እንሰማ ነበር፤ ምናልባትም ሁለታችንም እንወሰድ ነበር።

ጣቢያው የምሽቱን ዝግጅት በማግስቱ ጠዋት ይደግመዋል። ማልጄ ተነሥቼ ሽቦውን ስቀጥል እናቴ ከኋላዬ መጥታ መዳፏን መፈለጊያው ላይ ጫነች።

«ተወው።»

«አንዴ ብቻ፣ ለማረጋገጥ ነው።»

«ለማን ነው የምታረጋግጠው? እኔ አረጋግጫለሁ።»

መዳፏን ማንሣት እችል ነበር። አላነሣሁም። የንባቡ ሰዓት እስኪያልፍ እንደዚያው ቆመን ቆየን። ከሰዓት በኋላ ሬዲዮውን እንድፈታው አዘዘችኝ፤ ፈታሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቷ ተመለሰ፤ እህል መቅመስ ጀመረች። ደስታዋን ግን ለጎረቤት ልትነግር አትችልም፤ ከየት ሰማሽው ቢሏት መልስ የላትምና።

መንግሥቱ ሲወድቅ ምርኮኛውም የተበተነው ወታደርም ከአዲስ አበባ በሚመጣው ባቡር ወደ ቤቱ ይገባ ጀመር። ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያ እሄዳለሁ። ጥላ ስር ቆሜ የሚወርዱትን አንድ በአንድ አያለሁ፤ ፊታቸው ከስቶ፣ ጨርቃቸው አልቆ፣ ሁሉም እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። የመጨረሻው ሰው ወርዶ በሮቹ እስኪዘጉ ድረስ አልንቀሳቀስም። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አብራኝ አልሄደችም።

ባዶ እጄን ስመለስ መጣ ወይ ብላ አትጠይቀኝም ነበር።

«ባቡሩ ሞልቶ ነበር?» ትለኛለች።

«ሞልቶ ነበር።»

«እንግዲያው ቦታ አጥቶ ነው» ትልና ወደ ጓዳዋ ትገባለች።